ከስፌቱ ስር የተረፈ

ዚፑ ከወገቤ ሲደርስ ቀጥ አለ፤
ትንፋሼን ብውጠው፣ ሆዴን ብደብቀው፣ ፍንክች ላይል ማለ።
ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ጉርድ ከነኮት፣
የመጀመሪያ ደመወዜ እንዳለ ያለቀበት፣
ሃያ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት ሂሳብ የደመርኩበት፣
አንድ ሐሙስ ከልደታ ችሎት ፍቺዬን ይዤ የወጣሁበት።

ምን ይደረግ? ሁለት ልጅ፣ አንድ ቀዶ ጥገና፣
ወገብ መቼም እንደ ቁም ሳጥን ባለበት አይጸና።

«አዲስ ግዢ» አለችኝ ወለላ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፤
«ቦንዳው ሞልቶ!»
እኔ ግን በፌስታል ቋጥሬ ወጣሁ ወደ ፒያሳ።

የቱ ፒያሳ? እግሬ በቃሉ የሚያውቀው መታጠፊያ የለም፤
የወርቅ ቤቱ መስኮት፣ የፎቶ ቤቱ በር፣ የጣሪያው የዝገት ቀለም
የለም።
መንገዱ ሰፍቷል። መብራት በረድፍ፣ የብስክሌት መስመር፣ በየዳሩ አበባ፤
ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም፤
ብቻ እንደ ውሰት ጫማ እግሬ ቶሎ አልገባ።

«ፈረሰበት እኮ» አለኝ ሊስትሮው፣ ሳጥኑን በብሩሹ መታ፤
«ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ውረጂ፣
ከአንድ ደረጃ ስር ነው አሁን የጋሽ ኸይረዲን ቦታ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሰፊው ብቻ ነው ሰፊ፤
ሜትር አንገቱ ላይ፣ ጠመኔ ከጆሮው ኋላ፣ እንደ ቁም ጸሐፊ።
እኔን አላወቀኝም። ልብሱን ግን አወቀ፤
ገበሩን ገልብጦ የገዛ እጁን አየና ለብቻው ሳቀ።

«እዚህ ጋ እዪ» አለኝ። መርፌ ነቀለ ከደረቱ፣
ሦስት ጥልፍ ተረተረ፤
ሁለት ጣት ሙሉ ጨርቅ፣ ታጥፎ የተኛ ከስፌቱ።
ፀሐይ ያልነካው፣ ካውያ ያልላሰው፣
የዚያን ዓመት ቀለም፣ ዛሬ ከጣቃው የተቀደደ የሚመስለው።

«ያኔ ነው የተውኩልሽ።»
«ለምን?»
«ቀጭን ነበርሽ። ቀጭን ደግሞ ቀጭን ሆኖ አይኖርም፤
እኔ ለዛሬ ብቻ ብዬ ጨርቅ አልሰፍርም።
ብከፍተው ግን መስመር ይወጣል ግራና ቀኝ፤
የላዩ ደብዝዟል፣ የውስጡ አልደበዘዘም። ኋላ እንዳትወቅሺኝ።»

«ስንት?»
«ለመክፈት አራት መቶ።
ሌላ ልስፋ ካልሽ ስምንት ሺህ፣ ጨርቁም ተገኝቶ።»

ቆምኩ።
ከድልድዩ ማዶ ዶዘር ያጓራል፤ አንድ ግድግዳ በጎኑ ተኛ
ከነሰማያዊ ቀለሙ፣ ከነምስማሩ፣
ካላንደር ተሰቅሎበት ከኖረ ነጭ አራት ማዕዘን ጋር።
ይህችን ከተማ የሰፏት ሰዎች
ከስፌቷ ስር ትርፍ ትተውላት ይሆን?
ማን ተርትሮ አየ? ማን ጠየቀ ሰፊዎቹን?

«ልክሽን ልውሰድ?» አለኝ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ።
ልኬን?
ልኬን ስንቱ ወሰደው፤ የመለሰልኝ የለም ወስዶ።
ክንዴን ከፍ አደረግኩ። ሜትሩ ቀዝቃዛ ነው።
ቁጥሩን አልጠራውም፤ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈው።

«ክፈተው» አልኩት።
«መስመሩስ?»
«የሚያይ ይየው። ከዚህ እስከዚህ ያኔ፣ ከዚህ እስከዚህ አሁን።»
«ኮቱስ?»
«እንጃ። እሱንም እንዳየኸው።»

«ማክሰኞ ነይ» አለኝ። ባዶ ፌስታሌን አጣጥፌ ድልድዩ ላይ ስደርስ፣
ከጠዋት የዋጥኩት ትንፋሽ ትዝ አለኝ፤ ለቀቅኩት ቀስ በቀስ።

ስልኬ ጮኸ። ወለላ ናት፦
«እማ፣ ኮቱን እንዳይነካው! ሰፊ ትከሻ ነው አሁን የሚለበሰው።
ለኔ ይሁን፤ ደግሞ አንድ ነገር ሳትረሺ፣
ቁልፉ ጎድሏል፣ የድሮውን ዓይነት ይፈልግልኝ በይው።»

ዞሬ ሮጥኩ፣
ሰውዬው መቀስ ሳያነሳ።